ፀረ-አረም መድኃኒቱ መጭን ገድሎ ስንዴን የሚተወው ለምንድን ነው?

በነሐሴ ወር በአርሲ፣ በሸዋና በጎጃም የስንዴ ማሳዎች መርጫ ያዘሉ ሰዎች ከዳር ዳር ሲመላለሱ ማየት የተለመደ ነው። ከመርጫው አፍ የሚወጣው ጉም ስንዴውንም አረሙንም ሳይለይ ያርሳል። ሳምንታት ቆይተው ሲመለሱ ግን መጩ ተጠማዝዞ ደርቋል፤ ስንዴው ለምልሞ ቆሟል። ነገሩ በየዓመቱ ስለሚታይ ማንም አይገረምበትም፤ ለምን እንዲህ እንደሚሆንም የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሊጠየቅ ይገባ ነበር። መቼ ይረጭ፣ ስንት ይረጭ፣ ከሱቁ መደርደሪያ የትኛው ይነሣ፣ የጎረቤት ባቄላ ለምን ተቃጠለ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ መልሳቸው የሚቀዳው ከዚሁ ነው። ስንዴውን መድኃኒቱ ሳይነካው አልቀረም፤ ነክቶታል፣ ቅጠሉም ውስጥ ገብቷል። ያተረፈው የራሱ መቋቋሚያ ነው፤ መቋቋሚያው ደግሞ ዕድሜ፣ መጠንና የአየር ሁኔታ የሚወስኑት ወሰን አለው።

በስንዴ ማሳ ውስጥ የሚበቅለው አረም በጥቅሉ ሁለት ወገን ነው። ሲናር፣ ሙጃ፣ እንክርዳድና አሰንዳቦ ሣር መሰል ናቸው። የስንዴ የሥጋ ዘመዶች በመሆናቸው በቡቃያነታቸው ከስንዴው ለመለየት የለመደ ዓይን ይፈልጋሉ። መጭ፣ አሉማ፣ አመድማዶ፣ አሸክት፣ ቱልት፣ የሰይጣን መርፌና የዱር ጎመን ዘር ደግሞ ቅጠለ ሰፊ ይባላሉ። እነዚህ ከአፈር ሲወጡ ሁለት የዘር ቅጠል ይዘው ይወጣሉ፤ ስንዴ የሚያወጣው አንድ ብቻ ነው። የሚያድጉበት ለጋ ጫፍ አናታቸው ላይ ተጋልጦ ይቀመጣል። የስንዴው ግን ግንዱ መርዘም እስኪጀምር ድረስ ከሥሩ አጠገብ፣ በቅጠሎች ሰገባ ተጠቅልሎ፣ ተደብቆ ይቆያል። ቅጠሉም ጠባብ፣ ቀጥ ያለና ሰም የለበሰ ስለሆነ ከጠብታው ብዙው ተንሸራቶ ይወርዳል። በሰፊና በጋድሞ ቅጠል ላይ ያረፈ ጠብታ ግን እዚያው ይደርቃል።

ይህ የአካል ልዩነት ይረዳል እንጂ ብቻውን ስንዴን አያድንም። ዋናው ጉዳይ ጠብታው ከገባ በኋላ ውስጥ የሚሆነው ነው።

ቱ-ፎር-ዲ እንዴት ይሠራል?

ከገበሬው ጋር ረጅሙን ትውውቅ ያለው መድኃኒት ቱ-ፎር-ዲ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ የተገኘ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበያ የቀረበ አንጋፋ ነው። ዛሬም ተፈላጊ የሆነው በዋነኛነት ርካሽ ስለሆነ ነው።

ዕፅዋት ኦክሲን የሚባል የእድገት ሆርሞን አላቸው። ሕዋስ መቼ ይርዘም፣ ግንድ ወደየት ይጠምዘዝ፣ ሥር የት ይውጣ የሚለውን የሚያዝ፣ በእጅግ ጥቂት መጠን የሚሠራ ነገር ነው። ተክሉ ኦክሲን ሲበዛበት ያፈርሰዋል፤ ሲያንሰው ይሠራል። ቱ-ፎር-ዲ ይህን ሆርሞን መስሎ ይገባል። ቅጠለ ሰፊው አረም ግን የራሱን ሆርሞን በሚያፈርስበት መንገድ ሊያፈርሰው አይችልም። ስለዚህ የ"እደግ" ትእዛዙ ሳያባራ ይቀጥላል። በሰዓታት ውስጥ ግንዱና የቅጠሉ አንገት መጠማዘዝ ይጀምራል፤ ከዚያ ግንዱ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ውኃና ምግብ የሚያመላልሱት ቧንቧዎች በሥርዓተ አልባ እድገት ይጨናነቁና ይደፈናሉ። አረሙ በገዛ እድገቱ ይሞታል።

ስንዴ ከዚህ የሚያመልጥበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው መጠን አነስተኛ ነው፤ የገባውም ከቅጠሉ ወደ ማደጊያው ጫፍ የሚጓዘው በዝግታ ነው። በግንዱ ውስጥ ያሉት ቧንቧዎች ተበታትነው የተቀመጡ ናቸው፤ እንደ ቅጠለ ሰፊው ዙሪያውን የሚያብጥ የሕዋስ ቀለበት የላቸውም። ከሁሉም በላይ ግን ስንዴው ቱ-ፎር-ዲን ኬሚካላዊ ቅርጹን ለውጦ፣ ከስኳር ጋር አጣብቆ፣ ወደማይጎዳ ነገር ይቀይረዋል። ይህ ሥራ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጤናማና በማደግ ላይ ያለ ስንዴ ይወጣዋል፤ ውኃ የተኛበት፣ ውርጭ የመታው ወይም በረሃብ የገረጣ ስንዴ ግን ይቸገራል። በጥቁር አፈር ላይ ውኃ ከተኛ በኋላ ቢጫ የሆነን ስንዴ "አረሙ ስለ በዛበት ነው" ብሎ ወዲያው መርጨት በደካማ ላይ ሸክም መጨመር ነው። ውኃውን አጠንፍፎ፣ ስንዴው ቀለሙ እስኪመለስ ጥቂት ቀናት መታገሥ ይሻላል።

መቋቋሚያው የሚሳነው ሁለት የዕድሜ ወቅት አለ። የመጀመሪያው ስንዴው ገና ሕፃን ሳለ ነው። ከአራት ቅጠል በታች ያለ ስንዴ በዓይን ሲታይ ቅጠል ብቻ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን የወደፊቱ ዛላ ንድፍ እየተሠራ ነው። በዚያ ጊዜ የእድገት ሆርሞን መሳይ ነገር ሲደርሰው ንድፉ ይዛባል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ቅጠሉ አንዳንዴ እንደ ሽንኩርት ቅጠል ቱቦ ሆኖ ይወጣል፤ ዛላው ሲመጣ ደግሞ የተጣመመ፣ አበባዎቹ ያለ ቦታቸው የተሰካኩ፣ ከቅጠል ሰገባው መውጣት ያቃተው ይሆናል። ባለቤቱ ዘሩን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ የተፈጸመው ግን ከሁለት ወር በፊት ነው።

ሁለተኛው ወቅት ግንዱ አንጓ አውጥቶ ወደ ላይ መመንጠቅ ከጀመረ በኋላ ነው። ዛላው በቅጠል እቅፍ ውስጥ ሆኖ የአበባው ዱቄት በሚሠራበት ጊዜ ቱ-ፎር-ዲ ከተረጨ አበባው ይመክናል። ዛላው ቁመናው ያማረ፣ ሲዳሰስ ግን ገለባ የበዛበት ይሆናል። "አረሙ ዘንድሮ ዘግይቶ ወጣ፤ እኔም ዘግይቼ ረጨሁ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጭደው ይህንን ነው።

ስለዚህ የሚረጭበት መስኮት ስንዴው አራት አምስት ቅጠል አውጥቶ ማቆጥቆጥ ከጀመረበት እስከ የመጀመሪያው አንጓ ድረስ ያለው ነው። በደጋው አብዛኛውን ጊዜ ከተዘራ ከ25 እስከ 35 ቀን ይባላል፤ ምክሩ መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን ቀን መቁጠር ማሳ ማየትን አይተካም። በቆላ የሚዘራው የበጋ መስኖ ስንዴ በሙቀቱ ምክንያት ፈጥኖ ይሄዳል፤ ከፍ ባለው ደጋ ደግሞ ያው ዝርያ ይዘገያል። አስተማማኙ መንገድ ከማሳው የተለያየ ስፍራ ጥቂት ስንዴ ነቅሎ ዋናውን ግንድ ከሥሩ ወደ ላይ በምላጭ ሰንጥቆ ማየት ነው። ከሥሩ ከፍ ብሎ ጠንካራ እብጠት፣ ማለትም አንጓ፣ ከታየ የቱ-ፎር-ዲ ጊዜ አልፏል።

አረሙም የራሱ ሰዓት አለው። ከሁለት እስከ አራት ቅጠል ላይ ያለ መጭ በታዘዘው መጠን ይሞታል፤ ጉልበት ድረስ ያደገ መጭ ግን ይጠማዘዛል፣ ይታመማል፣ ከዚያ ከጎኑ አዲስ ቀንበጥ አውጥቶ ያብባል። የስንዴው መስኮትና የአረሙ መስኮት የሚገጣጠሙት ለጥቂት ቀናት ነው፤ እነዚያ ቀናት ደግሞ ክረምቱ የሚያይልባቸው ናቸው። ቱ-ፎር-ዲ ከሚሸጥባቸው ዓይነቶች አንዱ፣ አሚን የሚባለው፣ ከተረጨ በኋላ ዝናብ ሳይነካው ሰዓታት ማግኘት አለበት። ከሰዓት በኋላ ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ ጤዛው እንደ ረገፈ ጠዋት መርጨት የሚመረጠው ለዚህ ነው። የመርጫ ኪራይ ተራ፣ የመድኃኒት አቅርቦትና የዝናቡ ጠባይ አንድ ላይ ሲመጡ መስኮቱ በቀላሉ ያመልጣል። መድኃኒቱን ከወሩ በፊት ገዝቶ ማስቀመጥ፣ መርጫውን ቀድሞ መጠገን፣ ተራን ቀድሞ መያዝ ከመድኃኒቱ ምርጫ የማይተናነስ ነገር ይመስለኛል።

ሌላው ቤተሰብ፦ ቀስ ብለው የሚገድሉ

ከቱ-ፎር-ዲ በኋላ ወደ ገበያው የገቡት እንደ ደርቢ፣ ግራንስታርና ፓላስ ያሉት መድኃኒቶች አሠራራቸው ፈጽሞ ሌላ ነው። ዕፅዋት ፕሮቲን የሚሠሩበትን ቫሊን፣ ሊዩሲንና አይሶሊዩሲን የተባሉ ሦስት ንጥረ ነገሮች ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ለዚህ የሚያገለግል አንድ ኢንዛይም አለ። እነዚህ መድኃኒቶች ያንን ኢንዛይም ያስቆማሉ። አረሙ አዲስ ሕዋስ መሥራት ያቅተዋል፤ እድገቱ በተረጨ በሰዓታት ውስጥ ይቆማል። ሰውና ከብት ይህ ኢንዛይም ስለሌላቸው፣ ሦስቱንም ከምግብ ስለሚያገኙ፣ መድኃኒቶቹ በአንጻራዊነት ለሰው መርዛማነታቸው ዝቅ ያለ ነው። የሚያስፈልገው መጠንም ትንሽ ነው፤ ከቱ-ፎር-ዲ አሚን ለአንድ ሄክታር 1 ሊትር ሲታዘዝ "175 ኤስሲ" የሚል ምልክት ካለው ደርቢ 60 ሚሊ ሊትር፣ "75" የሚል ምልክት ካለው የግራንስታር ዱቄት ደግሞ 20 ግራም ያህል ይበቃል።

ችግሩ የሚመጣው ከመዘግየታቸው ነው። ቱ-ፎር-ዲን የለመደ ሰው በማግሥቱ የተጠማዘዘ አረም ማየት ይጠብቃል። እዚህ ግን አረሙ ማደጉን ቢያቆምም ሳምንት ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ቢጫ ወይም ሐምራዊ እየሆነ የሚሞተው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ነው። "አልሠራም፣ ተጭበረበርኩ" ብሎ በአሥረኛው ቀን ድጋሚ የሚረጭ ሰው ብዙ ነው። ገንዘቡ ይባክናል፤ ስንዴውም ሁለት ጊዜ ይመታል። መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፦ ሲረጩ ከማሳው ጥግ አንዲት ትንሽ ቁራጭ ሳይረጩ መተው ነው። በሳምንቱ የሁለቱን አረሞች ቁመት ማነጻጸር ነው። የተረጨው ባለበት ቆሞ ያልተረጨው ካደገ መድኃኒቱ ሥራውን ይዟል።

ስንዴ ከእነዚህም የሚድነው ፈጥኖ በማፍረስ ነው። በፓላስ ውስጥ ስንዴው ይህን የማፍረስ ሥራውን እንዲያፋጥን የሚቀሰቅስ ሌላ ንጥረ ነገር አብሮ ተጨምሯል። ብርድና ውኃ መተኛት ግን እዚህም ማፍረሱን ያዘገዩታል፤ ከርጭት በኋላ ስንዴው ለቀናት ገርጥቶ የሚታየው ለዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል።

የትኛውን ልግዛ?

ይህን ጥያቄ ለሱቁ ባለቤት የሚያቀርብ ሰው በሱቁ ውስጥ ያለውን ይዞ ይመለሳል። መልሱ ያለው ማሳው ውስጥ ነው። መጭ፣ አሉማና ጎመን ዘር የበዛበት ማሳ በቱ-ፎር-ዲ በቂ ውጤት ያገኛል። አሸክት የበዛበት ማሳ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ልብስ ላይ የሚጣበቀው፣ ስንዴው ላይ ተንጠላጥሎ የሚያጋድመው አረም ቱ-ፎር-ዲን በደንብ ይችላል። ለእሱ ፍሉሮክሲፒር ወይም ፍሎራሱላም የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት መድኃኒት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው በስታራን ኤም፣ ሁለተኛው በደርቢ ውስጥ ይገኛል። የውኃ አንቁር ደግሞ ቅጠሉ ሰፋ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው ከቅጠለ ሰፊው ይቆጥረዋል፤ ሲበቅል ግን እንደ ስንዴ አንድ የዘር ቅጠል ነው የሚያወጣው። በእጅ ተነቅሎ እርጥብ አፈር ላይ ከተጣለ አንጓው እንደገና ሥር ይሰዳል፤ ስለዚህ የነቀሉትን ከማሳ ማውጣት ያስፈልጋል።

ሲናርና ሙጃ የሞሉበት ማሳ ላይ ቱ-ፎር-ዲ መርጨት ደግሞ ከነአካቴው ጠላትን መርዳት ነው። በስንዴ አምራች ደጋዎቻችን የሆነው ታሪክ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ቱ-ፎር-ዲ በየዓመቱ ቅጠለ ሰፊውን ሲያጸዳ ሣር መሰሉ ብርሃኑንም ማዳበሪያውንም ለብቻው ወረሰው። ስንዴ በስንዴ ላይ እየተዘራ፣ ባቄላና አተር ከዙሩ እየወጡ ሲሄዱ ደግሞ ሲናር የሚመታበት ዓመት ጠፋ። ፓላስ ሣር መሰሉንም ብዙውን ቅጠለ ሰፊም በአንድ ርጭት የሚይዝ በመሆኑ ሲመጣ እንደ እፎይታ የተቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ የማይነገረው ነገር ያለው እዚህ ነውና። አንድ ገበሬ ዘንድሮ ደርቢ፣ በሚቀጥለው ዓመት ፓላስ፣ ከዚያ ግራንስታር ቢረጭ "መድኃኒት አፈራርቄያለሁ" ይላል። አላፈራረቀም። ስማቸው ሦስት፣ ጣሳቸው ሦስት፣ የሚያንኳኩት በር ግን አንድ ነው፤ ሦስቱም የሚያስቆሙት ያንኑ ኢንዛይም ነው። በአንድ ማሳ ውስጥ ካለው እጅግ ብዙ የአረም ዘር መካከል በተፈጥሮ ኢንዛይሙ ትንሽ ለየት ያለ፣ መድኃኒቱ የማይጣበቅበት፣ አንድ ሁለት ተክል ሊኖር ይችላል። የቀሩት ሲሞቱ እሱ ይዘራል። ከሦስቱ በየትኛውም ቢረጭ ያው ተክል ይተርፋል፤ በዓመታት ውስጥ ማሳው የእሱ ልጆች ይሆናል። ይህ በሐሳብ የተቀመጠ ስጋት አይደለም። በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት የስንዴ ማሳ ውስጥ የበቀለ የዱር ሰላጣ የዚህን ቤተሰብ መድኃኒት መቋቋሙ የተመዘገበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ነው፤ መድኃኒቶቹ ለገበያ ከዋሉ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነበር። በአውሮፓ የስንዴ ማሳዎች ቀይ አበባ ያለው የዱር ፖፒ፣ በአውስትራሊያ ደግሞ የዱር ፍጅል በተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። የአውስትራሊያው ፍጅል ቱ-ፎር-ዲንም የሚቋቋም ዘር አፍርቷል።

እውነተኛ ማፈራረቅ ማለት ከዚህ ቤተሰብ ወደ ኦክሲን መሰሎቹ፣ ማለትም ወደ ቱ-ፎር-ዲ፣ ኤምሲፒኤና ፍሉሮክሲፒር መሻገር፣ ከዚያ መመለስ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ባቄላ፣ አተር ወይም ተልባ በሦስትና በአራት ዓመት አንዴ ማስገባት ነው። ያን ዓመት አረሙ በሌላ ጊዜ፣ በሌላ መንገድ ይመታል።

ስለ መቀላቀል አንድ ነገር ልጨምር። ጊዜ ለመቆጠብ ቱ-ፎር-ዲን እንደ ቶፒክ ካለ የሣር መሰል አረም መድኃኒት ጋር በአንድ ጋን መበጥበጥ የተለመደ ነው። ቱ-ፎር-ዲ ቶፒክን ያዳክመዋል፤ ሲናሩ ይተርፋል። ቀን ለያይቶ መርጨት ይሻላል።

መጠኑ የሚበላሸው እግር ላይ ነው

በጠርሙሱ ላይ "ለሄክታር 1 ሊትር፣ በ200 ሊትር ውኃ" ይላል። 20 ሊትር የሚይዝ መርጫ ያለው ሰው አሥር ጋን ያስባል፤ በየጋኑ 100 ሚሊ ሊትር ይጨምራል። ስሌቱ ትክክል የሚሆነው ሰውየው አንድ ሄክታር በእውነት በአሥር ጋን የሚጨርስ ከሆነ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድና አፍንጫው ያረጀ መርጫ ያዘለ ሰው አሥራ አምስት ጋን ሊጨርስ ይችላል፤ ያኔ ሄክታሩ ላይ የወረደው አንድ ሊትር ተኩል ነው፣ ስንዴውም ያውቀዋል። ፈጥኖ የሚሄደው በስድስት ጋን ይጨርሳል፤ እሱ ያወረደው 600 ሚሊ ሊትር ነው፣ አረሙም ያውቀዋል።

ይህን ለማስተካከል ገመድና ንጹሕ ውኃ በቂ ነው። 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ ይለካል፤ ይህ የሄክታር መቶኛ እጅ ነው። መርጫው እስከ አንድ ምልክት ንጹሕ ውኃ ይሞላል፤ ቦታው በተለመደው እርምጃ ይረጫል፤ ከዚያ እስከ ምልክቱ ለመሙላት ስንት ሊትር እንደ ፈጀ ይለካል። 2 ሊትር ከሆነ በሄክታር 200 ነው፤ አሥር ጋን። 3 ሊትር ከሆነ 300 ነው፤ አሥራ አምስት ጋን፣ በየጋኑም 67 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ። ያው ሰው በያው መርጫ መርጨት አለበት፤ በመሃል ልጁ ከተረከበው እርምጃው ይለያያልና እንደገና ይለካል። ደርቢን በመሰሉ ጥቂት በሚበቃቸው መድኃኒቶች ላይ በየጋኑ የሚገባው 6 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን በጠርሙስ ክዳን ገምቶ ማግኘት አይቻልም፤ መርፌ የሌለው የሕክምና ሲሪንጅ ግን ከማንኛውም ፋርማሲ ይገኛል።

የመርጫው ኖዝልም፣ ማለትም አፍንጫው፣ ልዩነት ያመጣል። ለዋግና ለነፍሳት የሚያገለግለው ክብ ጉም የሚነፋው ነው። ለአረም የሚያስፈልገው ጠፍጣፋ፣ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋው ነው፤ ጠብታው ከበድ ስለሚል ነፋስ ያን ያህል አይወስደውም፣ ሽፋኑም እኩል ነው።

የጎረቤት ማሳ

ስንዴን የሚያድነው መቋቋሚያ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ኑግ፣ ተልባና ቲማቲም ዘንድ የለም። ኑግማ የመጭ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አንዱን የሚገድል ሌላውን አይምርም። ስለዚህ ከድንበሩ ማዶ ያለው ሰብል ምን እንደሆነ ሳያዩ መርጨት የሰው ንብረት ላይ መርጨት ነው። ነፋስ ጠብታውን ይወስዳል፤ ይህ ይታወቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ጸጥ ያለው ማለዳም አደገኛ መሆኑ ነው። ከሌሊቱ ቅዝቃዜ የተነሣ አየሩ ከመሬት ተጣብቆ፣ ጉሙ ወይም ጢሱ ሳይነሣ ተንጣልሎ ሲታይ ረቂቁ ጠብታ ከዚያው አየር ጋር ተንሳፍፎ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ጥሩው ጊዜ ፊት ላይ ለስለስ ያለ፣ አቅጣጫው የታወቀ፣ ከሰው ሰብል በተቃራኒ የሚነፍስ ነፋስ ያለበት ነው።

ቱ-ፎር-ዲ አሚንና ኤስተር በሚባሉ ዓይነቶች ይሸጣል። ኤስተሩ ቶሎ ይገባል፣ ዝናብ ቶሎ አያጥበውም፤ ነገር ግን በሙቀት ይተንና ከተረጨ በኋላም ተነሥቶ ይጓዛል። የበጋ መስኖ ስንዴ በተስፋፋበት እንደ አዋሽ ሸለቆ ባለ ሙቅ አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥጥ ለቱ-ፎር-ዲ እጅግ ስሱ ነው፤ ከታዘዘው መጠን እጅግ አነስተኛው እንኳ ቅጠሉን እንደ ጣት ያጠብበዋል። ጥጥና ስንዴ በሚጎራበቱበት ኤስተር ባይገባ ይመረጣል።

በመርጫው ውስጥ የቀረውም እንዲሁ ነው። ቱ-ፎር-ዲ ከፕላስቲክና ከጎማ ጋር ይጣበቃል፤ አንዴ በውኃ ማለቅለቅ አያስወጣውም። በሳሙና ወይም በአሞኒያ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ለቲማቲምና ለሽንኩርት የሚያገለግለውን መርጫ ለብቻው ማስቀመጥ ከሁሉ ይቀላል።

የንብ ባለቤቶችም ጉዳይ አለባቸው። መጭና አደይ አበባ ከክረምቱ መውጫ የሚሰበሰበው ማር ዋና ምንጮች ናቸው። በማሳ ውስጥ መጥፋታቸው ተገቢ ነው፤ መንገድ ዳርና ወሰን ላይ ያለውን ተከትሎ ሄዶ መርጨት ግን ለስንዴው የሚጨምረው ነገር የለም።

ሰውየውስ?

ቱ-ፎር-ዲ በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ መካከለኛ አደገኛ ከሚባሉት ነው። በቬትናም ጦርነት የተረጨው ድብልቅ ግማሹ ቱ-ፎር-ዲ ስለነበረ ስሙ ከዚያ ጋር ይነሣል፤ በዚያ የተገኘው ዲዮክሲን የተባለው ክፉ መርዝ ግን የመጣው ከሌላኛው ግማሽ፣ ከቱ-ፎር-ፋይቭ-ቲ ነበር። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ቱ-ፎር-ዲን "ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል" ከሚላቸው ተርታ መድቦታል። ለገበሬው የቅርቡ አደጋ ግን ዓይን ነው። ያልተበረዘው አሚን ዓይን ውስጥ ከገባ የማይመለስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ክዳኑ የሚከፈትበትና የሚለካበት ቅጽበት አደጋው ከሙሉ ቀን ርጭት ይበልጣል፤ መነጽርና ጓንት መጀመሪያ የሚያስፈልጉት እዚያ ነው። የተደፈነ ኖዝልን በአፍ መንፋት የተለመደ ነው፤ የጥርስ ብሩሽ ወይም ሣር ይሠራዋል።

በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ማንኛውም ፀረ-ተባይ ሳይመዘገብ ለገበያ መዋል የለበትም፤ ፀረ-አረምም የዚሁ አካል ነው። ከጣሳው ተቀንሶ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ቱ-ፎር-ዲ ግን ገበያ ላይ ይገኛል። ምልክቱ የሌለው ጠርሙስ ውስጥ ያለው አሚን ይሁን ኤስተር፣ ስንት እጁ ውኃ እንደሆነ አይታወቅም፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የመጠጥ ጠርሙስ ይመስላል። ባዶውን ጣሳ ሦስት ጊዜ አለቅልቆ ውኃውን ወደ መርጫው መጨመር፣ ከዚያ በስቶ ማስወገድ እንጂ ለዘይትና ለውኃ መገልገያ ማድረግ አይገባም።

ከተረጨ ማሳ አረም አጭዶ ለከብት መስጠትም ይታሰብበት። በክረምት መኖ ሲያጥር ይህ የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ነገር ግን በቱ-ፎር-ዲ የተመቱ አንዳንድ ዕፅዋት ስኳራቸው ስለሚጨምር ከብቱ ቀድሞ የማይነካውን መርዛማ አረም ሳይቀር ይበላል። በጣሳው ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳያልፍ ማሳውን ለግጦሽ አለመክፈት ነው።

ከርጭት በኋላ

የተረጨ ማሳ ያለቀለት ማሳ አይደለም። ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ገብቶ የተረፈውን ማየት ያስፈልጋል። ዙሪያው ሁሉ ሞቶ አንድ አሉማ ብቻዋን ቆማ ከተገኘች ወይ ጠብታው ስቷታል፣ ወይ ዘግይታ በቅላለች፣ ወይ መድኃኒቱን ችላዋለች። ቆሞ የትኛው እንደሆነ ከመመራመር ዘር ሳትይዝ በእጅ መንቀል ይበጃል። ከርጭት በፊት ሙሉ ማሳ ማረም ትልቅ ደቦ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ከርጭት በኋላ የተረፈውን መልቀም ግን የአንድ ቤተሰብ የአንድ ጠዋት ሥራ ይሆናል። ቱ-ፎር-ዲ ከሚፈቅደው ዕድሜ በላይ ለሄደ ስንዴም ያለው አማራጭ ይኸው እጅ ነው።

ኮምባይነር ሲመጣም ጥያቄው ይቀጥላል። ማሽኑ ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላው ሲዘዋወር በወንፊቱና በመያዣው ውስጥ የቀረ ሲናር፣ አሸክትና የዱር ጎመን ዘር ይዞ ይጓዛል፤ የሌላ ሰው ማሳ ያፈራውን መድኃኒት የለመደ ዘር ጭምር። ወደ ማሳ ከመግባቱ በፊት ድንበሩ ላይ ቆሞ ባዶውን እንዲሽከረከርና እንዲራገፍ ባለማሽኑን መጠየቅ ይቻላል። ባለማሽኑ ተራ የሚጠብቁ ሌሎች ስላሉት ደስ ብሎት አይቀበለውም። በዋጋው ላይ ስትስማሙ ማራገፉን አብራችሁ ተስማሙበት፤ ማሽኑ ማሳ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚሰማ የለም።